ለስፔናዊው ያስጎበኘሁት መቃብር

ከሆሳዕና ወጥተን ወደ ዶዮገና ተራሮች ስንሄድ፣ የማስጎበኘው ስፔናዊ ወሬው ሁሉ ስለ አገሩ ሆነብኝ። ተራራ ሳሳየው «የእኛ ተራራ አናቱ ላይ ጥንታዊ ግንብ አለው» ይለኛል። ገደል ሳሳየው «የእኛ ገደል ድልድይ አለው» ይለኛል። ነደደኝ! መንገድ ዳር በቀለም ያሸበረቀ መቃብር ሳይ መኪናውን አስቆምኩ። ሐውልቱ ላይ ፈረስ የጋለበ፣ አንበሳ በጦር የወጋ ጺማም ሰው ተሥሏል። «ይኼ ጀግና የሞተው የእናንተ ግንብ ሳይሠራ ነው» አልኩት። ስፔናዊው ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። እኔም አብሬው ደፋሁ።

«ማን ሞቶ ነው እንዲህ ያዘናችሁት?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላችን። ዞር ስል ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ከነጺሙ፣ ከዘራ ይዞ ቆሟል! ለካ ሽማግሌው ልጆቻቸው ያሠሩልኛል ብለው ስላላመኑ በቁማቸው ያሠሩት መቃብር ኖሯል። ስፔናዊው አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ያያል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ድሮ አንበሳ ገድለው የሞቱ ጀግና ናቸው ብዬው ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ተቆጡ። «መሞቱስ ይሁን፣ የማይቀር ነው። አንበሳው ግን ሁለት ነው በለው፤ ሠዓሊው ቦታ ጠቦት ነው!»