ለሟቾች ብቻ የሚፈላው ሻይ

አባባ ጊሳቡሮን ድልድዩ ላይ አገኘኋቸው። የሻይ ቅጠል ጆንያ ተሸክመዋል። የልጅ ልጃቸው ቺዙሩ ዣንጥላ ይዛ ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች።

«ነጋዴው መለሰው እንዴ?» አልኳቸው።

«ምላሱ ተበላሽቷል። ሻይህ ጉሮሮ ይይዛል ይለኛል። ጉሮሮውን ይያዘውና!»

ሲመለስባቸው ይሄ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከተማ ያለው ልጃቸው ደግሞ «ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ የቁልቁለቱን ሻይ ነቅለን ጥድ እንተክላለን» ብሏል። ያን ቁልቁለት ድንጋይ እየፈለጡ ሻይ የተከሉበት የአባባ አባት ናቸው።

ዝናቡ ሲበረታ ቤታቸው ገባን። እኔ የመንደሩ ማሽን ቤት ቅጠል በእንፋሎት አበስላለሁ። የለቀማ ሰሞን ስለሆነ የነበረኝ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

አባባ ለኛ ያንን የመኸሩን ሻካራ ሻይ ቀዱልን። ከአዲሱ ቅጠል ደግሞ አንድ ስኒ ብቻ አፍልተው ቤት ውስጥ ባለው የሟቾች መሠዊያ ላይ፣ በአባታቸው ፎቶ ፊት አስቀመጡ። እጃቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉ። የጠዋቱን ስኒ አውርደው በመስኮት ከፕሪሙ ዛፍ ሥር ደፉት።

ቺዙሩ የእርሻ ትምህርት ቤት ጨርሳ የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። አፏ አያርፍም።

«አባባ፣ የራስዎን አዲስ ሻይ መቼ ነው የቀመሱት?»

«አዲሱ የነጋዴና የሟች ነው። ቤት የሚጠጣው የመኸሩን ነው። አባቴ እንዲህ ነው ያሳደጉኝ።»

«ታዲያ ምን እንደሚሸጡ አያውቁማ!»

«እጄ ያውቃል! በሰማንያ ስምንተኛው ቀን የተለቀመ ሻይ ከፍቶ አያውቅም።»

ጸደይ ከገባ ጀምሮ ሰማንያ ስምንት ቀን ይቆጥራሉ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ቀኑ ላይ ቀይ ክብ ያደርጉበታል። ቢዘንብም ባይዘንብም የሚለቅሙት ያን ቀን ነው።

«በአባትዎ ዘመን ውርጩ እስከዚያ ድረስ ነበር» አለች። «አሁን ቀድሞ ይሞቃል። ቅጠሉ ቀን አይቆጥርም፣ አባባ። እርስዎ ሲደርሱለት አርጅቶ ይጠብቅዎታል።»

«እኔስ አርጅቼ የለ? ማን ጣለኝ?»

ሳቅኩ። ቺዙሩ ወደ መሠዊያው ጠቆመች።

«ለመሠዊያው ያቀረቡትን ሩዝ ካወረዱ በኋላ ምን ያደርጉታል?»

«እበላዋለኋ! አባቴ በልተው የተረፋቸው የኔ ነው። መጣል ነውር ነው።»

«ሻዩስ?»

አባባ ወደ ፕሪሙ ዛፍ አዩ።

«ሻይ... ፈሳሽ ነው» አሉ።

«ሾርባም ፈሳሽ ነው።»

ቺዙሩ ከኪሷ ትንሽ የሻይ ጣሳ አወጣች።

«ይሄ ከዚያው ከቁልቁለቱ ነው። ከቀይዋ ቀን አሥራ አንድ ቀን ቀድሜ ሁለት እፍኝ ለቀምኩ።»

«ሌባ!»

«ያበሰልኩላት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሁለት ሌባ በአንድ ቤት!»

ውሃው ፈልቶ በረድ እስኪል ጠበቀችና የሳቸውንና የራሷን ቅጠል ለየብቻ ዘፍዝፋ በሁለት ስኒ ቀዳች። አባባ መጀመሪያ የራሳቸውን ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ። ከዚያ የእሷን። አልዋጡትም፣ አፋቸው ውስጥ ያዙት። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ልጅ ሆኜ ኩፍኝ ሲይዘኝ» አሉ፣ «አባቴ ከአዲሱ አንድ ስኒ ሰጥተውኛል። ለማንም እንዳትነግር ብለው። ጣዕሙ ይሄው ነበር።»

ከዚያ ወደ ፎቶው ዞሩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ መራራ እየጠጡ አንድ ቃል አይተነፍሱም? እኔን መፍራት ነው?»

ግማሽ ሰዓቴ አልቆ ነበር። አልተነሳሁም።

በሚቀጥለው ጸደይ ግድግዳው ላይ ቀይ ክብ አልነበረም። አባባ በየጠዋቱ ቁልቁለቱን እየወጡ ቀንበጡን በጣታቸው ይፈትኑ ነበር። ለጣታቸው ሲለሰልስ፣ ከሰማንያ ስምንተኛው ቀን ዘጠኝ ቀን ቀድመው ለቀሙ። መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱት፣ ነጋዴው ከሳቸው በኋላ ቀመሰ። ጆንያው በድልድዩ አልተመለሰም። ጥድ የሚተክልም የለም።

እኔ ብዙ ማውራት አልችልበትም። በእጃችሁ የሠራችሁትን ቅመሱት። መራራ ከሆነ ከገዢው ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ጥሩ ከሆነም ለእናንተስ ለምን ይቅርባችሁ? አባቶች ያስተማሩን ሥራውን ነው። ቀኑን ግን ቅጠሉን ጠይቁት።

ትናንት በዚያ ሳልፍ አባባ ከመሠዊያው ስኒ አውርደው ቁጭ ብለው ይጠጣሉ። ቀዝቅዟል፣ ግን ቀስ እያሉ ነው የሚጠጡት።

«ፕሪሙስ?» አልኳቸው በመስኮት።

«ውሃ ይበቃዋል።»