ማግኔቱ ያልያዘው በር

አጎቴ አስመራ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ታድሶ የሚሸጥ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ሊያይ፣ እዚህ ጣልያን አገር ፒኜቶ ወደሚባል ሰፈር ሲሄድ እንዳስተረጉምለት ወሰደኝ። ሻጯ ጣልያናዊት አሮጊት ናቸው። እኔ መጽሐፌን እያነበብኩ ስጠብቅ አጎቴ ቀዩን መኪና በማግኔት እየፈተሸ ዞረው፤ የግራው በር ላይ ማግኔቱ ወደቀበት።

«ከቀለሙ ሥር ብረት የለም፣ ስቱኮ ሙሌት ነው! አሎራ፣ እንግዲህ መጽሐፍሽን ዝጊና ዋጋ ይቀንሱ በያቸው» አለኝ። እያፈርኩ ነገርኳቸው።

«ባለቤቴ ሊጨርሰው ሲል ታመመ» አሉ። «በሩን እኔው ሞልቼ ቀባሁትና በመስኮት አሳየሁት። ‹አለቀ› ብሎ ሳቀ። ባለፈው ወር ቀበርኩት።»

ያሉትን አስተረጎምኩለት። አጎቴ ማግኔቱን ኪሱ ከቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለቅሶ ቤት ገብተን ነው እንዴ ዋጋ የምንከራከረው? ነፍስ ይማር በያቸው» አለና የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

አሮጊቷ ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው።