ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት

ይርኮን ያገኘሁት መሰላል ላይ ነው። የተዋስኩትን መጋዝ ልመልስ በግቢው በኩል ሳልፍ፣ በሥጋ ማድረቂያው ቤት ግድግዳ ላይ በተደገፈው መሰላል አጋማሽ ቆሞ አየሁት። አንድ እግሩን አንስቷል፤ ሌላውን ስለማንሳት የሚያስብ ይመስላል። ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው ሸለቆውን እያየሁ ነው አለኝ። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነበር።

ከሥሩ ሚስቱ ዞርካ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ቆማለች። ጠዋት ከተራራው ሲወርድ የነበረው ቡራ፣ ደረቁና ቀዝቃዛው ነፋስ፣ ቆሞ ከባሕሩ በኩል ዩጎ ጀምሯል። ዩጎ እርጥብና ለብ ያለ ነው። እሱ ሲነፍስ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ግድግዳ ያልበዋል፣ ተሰቅሎ የሚደርቅ የአሳማ ታፋ ደግሞ ይሻግታል። ስለዚህ በእኛ አገር ሥጋ የሚያደርቅ ሰው ክረምቱን ሙሉ ሥራው አንድ ነው፦ ቡራ ሲነፍስ መስኮት መክፈት፣ ዩጎ ሲነፍስ መዝጋት። ይህችን ሥራ ይርኮ ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም።

"አንቺስ ለምን አልዘጋሽውም?" አልኳት ዞርካን።

"ጠየቅኩት። ቆይ አለኝ።"

ዳሌውን በትከሻዬ ደግፌ አወረድኩትና ወጥቼ መስኮቶቹን ዘጋሁ። ከታች ሆኖ ግራው የሚዘጋው ከቀኙ በኋላ መሆኑን አስተማረኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። አባቱ እንደዚያ ያደርግ ነበር።

የይርኮ የዳሌ አጥንት ካለቀ ቆይቷል። አምና ክረምት በብረት የሚተካበት ተራው ደርሶ ከሆስፒታል ቢደወልለት፣ ሥጋው ተሰቅሏል ብሎ ቀረ። ተራውም ወደ ኋላ ተመለሰ። ዘንድሮ ደግሞ ደወሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ና ተባለ። አሁንም ከቀረ፣ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን እንደነገረው፣ ቀጣዩ ተራ እስኪደርስ ድረስ መራመድ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። ይርኮ ግን መልሱን አዘጋጅቷል፦ ታፋ የሚደርቀው በክረምት ብቻ ነው፤ አጥንት በማንኛውም ወር ይቀየራል። ይህን ሲል እንደ ሕግ አዋቂ ጣቱን ያነሣል። እኔ ፍራኔ ጡረታ እስክወጣ የመንደሩን አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ያነበብኩትንም ያነበብኩት ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው። ብዙ ግትር ሰው ጭኛለሁ፤ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም።

ዞርካ ለያጎዳ ደወለችላት። ያጎዳ የይርኮ የሟች ወንድሙ ልጅ ናት። ዋና ከተማችን ዛግሬብ ትኖራለች፤ ለስልክ የሚሆኑ ፕሮግራሞች ትጽፋለች። ሰው ስልኩ ላይ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥበትን ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው እሷ ናት። ቅዳሜ ዕለት ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ የሽቦ ጥቅልና ከወዳደቀ መኪና የተፈታ የመስኮት ሞተር ይዛ መጣች። ዕቃዎቹን ከጎምዛዛው ጎመንና ከወይኑ ማሰሮ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

"አጎቴ፣ በሚመጣው ሳይሆን በሳምንቱ ሰኞ እርስዎ ሆስፒታል ይሄዳሉ" አለች። "የአየሩን እርጥበት እየለካ መስኮቱን ይሄ ይከፍታል፣ ይሄ ይዘጋል።"

ይርኮ ሰሌዳዋን በሹካው ጫፍ ገፋ አደረጋት። "ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ የምሠራው።"

"አንቺ ትኬት ሻጭ ነሽ።"

"ትኬት አልሸጥም፤ የሚሸጠውን ፕሮግራም ነው የምጽፈው።"

"ይሁን። የበር ሥዕል የሚስል ሰው ግን አናጺ አይባልም። ስልክ ውስጥ ያለው ሁሉ ሥዕል ነው። ብትሳሳቺ ሰውዬው አውቶቡስ ያመልጠዋል፤ ፍራኔን ይሰድባል፤ በቃ። የእኔ መስኮት እንጨት ነው፤ ከጀርባው የዓመት ልፋቴ ተሰቅሏል። ልጄ፣ አዲስ ሙያ የያዘ ሰው መጀመሪያ ወለል ይጠርጋል። እኔ ቢላዋ ከመያዜ በፊት ጨው ሳሽ ነው ጢም ያበቀልኩት።"

ያጎዳ አልተቆጣችም። ትዕግሥቷ ከማን እንደመጣ አላውቅም፤ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም።

"እኔም እንደ እርስዎ ይመስለኝ ነበር፣ አጎቴ። ከሽቦና ከሞተር ጋር የሚሠራ ሰው ሌላ ትምህርት ቤት የገባ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ፈራሁት። ደፍሬ ስገባበት የጠበቀኝ ግን የራሴው ወጥ ቤት ነው። የምጽፍበት ቋንቋ ያው፣ የምጽፍበት መሣሪያ ያው፣ ስሳሳት የሚቀላው መስመር ያው። ስልክን ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ እንደምሞክረው ሁሉ ይህችንም ሰክቼ እሞክራታለሁ። የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ ድሮ የምጽፈው ትእዛዝ ሥዕል ይቀይር ነበር፣ አሁን ሞተር ያዞራል። እርስዎ የአሳማ ታፋ ማድረቅ የሚያውቁ ሰው፣ የበግ ታፋ ቢሰጥዎ ወለል ከመጥረግ ይጀምራሉ?"

"በግ ሌላ ነው።"

"አምና አድርቀሃል" አለች ዞርካ። ይርኮ ማን ጠየቀሽ በሚል ዓይን አያት።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ዘነበ። ቡራ ሲበረታ መብራት ይጠፋል አለ፤ ባትሪ አለው ተባለ። ባትሪውስ ቢያልቅ? ከሞተሩ ጎን መዘውር ይደረግበታል፣ በእጅ ይዘጋል ተባለ። "በማን እጅ?" አለ ይርኮ፣ ወይኑን እየቀዳ። ዞርካ ሳህኖቹን አነሣች።

እኔም እንደ ሽማግሌ አንድ ነገር ልበል ብዬ፣ የመኪናህ የነዳጅ መለኪያ መርፌ አለቀ ሲልህ ታምነው የለም ወይ አልኩት። "አምነዋለሁ" አለኝ፤ "መርፌው ግን መኪናውን አይነዳውም።" ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ፤ የተሳሳተ ሰው ጥሩ ጥሩ ነገር መናገር የለበትም።

በመጨረሻ ይርኮ ውል አቀረበ። ሰሌዳዋን የያዘው ሳጥን ይተከል። አንድ ዩጎ ይምጣ። እሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ማንም እጁን አያስገባም። ሳጥኑ መስኮቱን ከዘጋ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ካልዘጋ ያጎዳ ሥዕሏን ይዛ ወደ ዛግሬብ። ተጨባበጡ።

ያጎዳ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ሰነበተች። መሰላሉን እኔ ያዝኩላት፤ ሁለቱን መስኮቶች በአንድ ዘንግ አያይዛ ሞተሩን ራሷ አሰረችው። ለሙከራ ከኮምፒውተሯ ስታዘው መስኮቱ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ይርኮ እጁን ኪሱ ከትቶ "አንቺ ስታዢው ነው" አለ። ደግሞም እውነቱን ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዩጎ ገባ። የዞርካ ልብስ ማስጫው ላይ ወደ ተራራው ዞሮ ተንሳፈፈ፤ የደረጃው ድንጋይ አላበው። ይርኮ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ከመስኮቶቹ ፊት ለፊት ተቀምጧል። መስኮቶቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ጥቂት ጠበቅን። እንደተከፈቱ ናቸው።

ይርኮ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ፤ ያሸነፈው በገዛ ሥጋው ላይ ነበርና። ሲያሸንፍ እንዲህ የሚከፋው ሰው አይቼ አላውቅም።

"ልዝጋው?" አለች ዞርካ።

"ቆይ።"

"እየረጠበ ነው፣ ይርኮ።"

"ማንም እጁን አያስገባም ብለናል።"

መጋዙን መመለሴ ቆጨኝ፤ በእጄ ቢሆን ኖሮ መሰላሉን ለሁለት እከፍለው ነበር። ያጎዳ ደረጃው ላይ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታነባለች። ጆሮዋ ቀልቷል።

"ማወቁንስ አውቋል" አለች ቀስ ብላ። "አየሩ ገና ሲረጥብ ነው ያወቀው።"

"ታዲያ ለምን አይዘጋም?" አልኳት።

"የእኔ ጥፋት ነው። ስልክ ላይ ልማድ አለን፤ ትልቅ ነገር ከመደረጉ በፊት ሰውየው ይጠየቃል። ትኬቱን ልቁረጥ ወይ፣ አዎ ወይም አይ የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። እጄ በልማዱ እዚህም ያንኑ ጻፈ። ሳጥኑ መስኮቱን ልዝጋው ወይ ብሎ ጠይቋል።"

"ማንን?" አለ ይርኮ።

"ማንንም። ጽሑፍ የሚያሳይበት መስታወት የለውም። አዎ የሚለው ሰው እየጠበቀ ነው።"

ይርኮ ለመሳቅ አፉን ከፈተ። መብቱ ነበር። ዞርካ ግን ቀደመችው።

"እኔም እንደሱው ነኝ" አለች። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ የጎመን ዋጋ የምትናገር ነበር የምትመስለው። "ነፋስ ሲዞር ጉልበቴ ይነግረኛል፤ ካንተ በፊት ነው የማውቀው። ከዚያ መሰላሉ ሥር ቆሜ ልዝጋው ወይ እልሃለሁ። ቆይ ትለኛለህ። እቆያለሁ። እሱስ ይሻላል፤ ገና በዚህ ሳምንት ነው የመጣው።"

መስኮቱ አልተዘጋም፤ የተዘጋው የይርኮ አፍ ነው።

"ያንን ጥያቄ ለማጥፋት ስንት ቀን ይፈጃል?" አለ በመጨረሻ፣ ያጎዳን ሳይሆን ዞርካን እያየ።

"ጠፍቷል" አለች ያጎዳ። አንዲት አዝራር ነካች። ሞተሩ አቃሰተና መስኮቶቹ ተዘጉ፣ ግራውም ቀኙም እኩል። ይርኮ ስለ ግራው አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ተወው።

ማታ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነን ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ገና ከመጀመሪያው ቢጠይቀው አንድ ሳምንት ይተርፈን ነበር። "ደግሞ ቢሳሳትስ?"

"ይሳሳታል፣ አጎቴ። ዛሬ ተሳስቻለሁ። ግን ስሕተቱን የጻፍኩት በማውቀው ቋንቋ ስለሆነ ሳጥኑን ሳልፈታ፣ ከከተማ ባለሙያ ሳልጠራ አገኘሁት። በማላውቀው መሣሪያ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሽቦ እየመዘዝኩ ነበር። ሲዘጋም ሲከፍትም ስልክዎ ላይ ይነግርዎታል። ይነግርዎታል እንጂ አይጠይቅዎትም።"

"አይ የምልበት አንድ አዝራር ብቻ አድርጊልኝ።"

"አላደርግም።"

ይርኮ ወይኑን ጨለጠ። "እንደ ውሉ ከሆነ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ" አለ። አሸንፈሃል አልነው። ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሰኞ ማን ያደርሰኛል?"

ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ልጠይቀው ስሄድ ስልኩን ለአጠገቡ ታማሚ እያሳየ አገኘሁት። "ቡራ። ተከፍቷል" ይላል ጽሑፉ። በአውራ ጣቱ እዚህም እዚያም ይጫነዋል፤ እምቢ የሚልበትን ቦታ ሲፈልግ መሆኑ ገብቶኛል።

በምርኩዝ ወደ መንደር ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነብን። ሱቁ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጦ ያለፈውን ያገደመውን ይሰብካል። "ልጄ ስልክ ላይ አፈጠጠ ብላችሁ አትማረሩ" ይላል። "ለስልክ መጻፍ የሚችል ልጅ በያዘው መሣሪያ የወይን ጓዳችሁን ሙቀት ይጠብቅላችኋል፣ የንብ ቀፏችሁን ይመዝንላችኋል፣ የጉድጓዳችሁ ውኃ ሲጎድል ይነግራችኋል። አዲስ ሙያ ወለል ከመጥረግ አይጀምርም፤ እጅ ላይ ካለው ነው የሚጀምረው።" የበር ሥዕል ስለሚስለው ሰው ባነሣበት ቁጥር፣ ማን ነበር እንዲህ ያለው ሞኝ፣ ይለኛል። እኔም አላስታውስም እላለሁ።

ይበል እንጂ፣ ነገሩ እውነት ነው። በእሱ ስብከት ተገፍቶ የመንደራችን ወይን ነጋዴ ልጅ ከያጎዳ በስልክ እየተማረ ለአባቱ ጓዳ እንዲህ ያለ ሳጥን ሠርቷል፤ እስከዚያ ድረስ ያ ልጅ በስልክ ጨዋታ እንጂ በሌላ የሚታወቅ አልነበረም። ያዩት ሌሎችም መጠየቅ ጀምረዋል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ሰውን ከአዲስ ሥራ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ አለማወቁ አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር እዚያም እንደሚያገለግል አለመጠርጠሩ ነው። እንዲሁም የሚያውቀውን ይዞ ሲገባ ልማዱንም አብሮ ይዞ ይገባልና፣ እሱን በሩ ላይ ይፈትሽ።

መጋቢት ላይ ከሱቁ ወደ ቤት ስናዘግም ነፋሱ ዞረ። ይርኮ ስልኩን አወጣ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ምርኩዙን ወደፊት እየወረወረ መገስገስ ጀመረ፤ ሐኪሙ ቢያየው ብረቱን ይነጥቀው ነበር። ግቢ ስንደርስ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ዞርካ መሰላሉ ላይ ነች፤ እጇ ከመዘውሩ አልተነሣም።

"ሳጥኑ ሳይነግረኝ ዘጋው?" አለ ይርኮ እያለከለከ።

"ሳጥኑ አየሩ እስኪረጥብ ይጠብቃል" አለች። "እኔ አልጠበቅኩም።"

ይርኮ መስኮቶቹን አያቸው። የትኛው መጀመሪያ እንደተዘጋ ሊጠይቅ መሆኑን አውቄ ፊቴን አዞርኩ። ምንም አልጠየቀም። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄደና መሰላሉን ያዘላት።