መርማሪውና ደም መጣጩ

ከባለቤቴ ጋር ናይሮቢ ሳለን አንድ የፊልም ድርሰት ይዤ ስታገል ከረምኩ። ኑሮ የሰለቸው የግል መርማሪ ከተማውን ያስጨነቀ ደም መጣጭ ጭራቅ ያሳድዳል። ላቪንግተን ሰፈር ያለው ፕሮዲውሰር ግን፣ «ወይ የወንጀል ፊልም አድርገው፣ ወይ አስፈሪ ፊልም፤ ሁለቱ አልተዋሃዱም» እያለ ይመልስብኛል። እኔም ታከተኝ።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ኢምባካሲ ካለው የጭነት መጋዘን ሌሊቱን ሠርታ ስትገባ፣ ገና ከመቀመጧ መጨረሻውን አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና፣ «ይሄ መርማሪ ደክሞታል ትላለህ እንጂ አልደከመውም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ደም መጣጩን ሲያይ ሽጉጥ ይመዛል። እኔ ብሆን፣ ‹ስትጨርስ መብራቱን አጥፋልኝ› ነበር የምለው።»

ሳቅኩ። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

ንግግሯን እንዳለ ለመርማሪው ሰጠሁት። ፕሮዲውሰሩ አንብቦ፣ «አሁን ተዋሃዱ። ይቺን ከየት አመጣሃት?» አለኝ። በማግስቱ ኢምባካሲ መጋዘኑ ሄጄ የሌሊቱን ሥራ በእሷ ፈንታ እንድሠራ ጠየቅኩ። ፊልሙ ሳይሠራ ቀረ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ሌሊት ቤቷ ትተኛለች።