ለእናቷ ምጥ አስተማረች

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ከበቡሽ ከሆሳዕና ገበያ ወደ ጎፈር ሜዳ በሚሄድ ባጃጅ ተሳፍረው ጥጋቸውን እንደያዙ፣ አንዲት ሂጃብ የለበሰች ወጣት ትልቅ ሰማያዊ ኳስ ታቅፋ ገባች። ኳሱ ሰው ሊቀመጥበት የሚችል፣ የባጃጁን ግማሽ የሚሞላ ነበር። ሹፌሩ እንደ ልማዱ አንድ ሰው ሲጨምር ኳሱ ቦታ አጣና በወይዘሮ ከበቡሽ ጭን ላይ አረፈ። እሳቸውም በአንድ እጃቸው ከገበያ የገዙትን ቅቤ፣ በሌላው ኳሱን ይዘው መንገድ ጀመሩ።

ወይዘሮ ከበቡሽ ዝም ብሎ መሄድ የሚሆንላቸው ሰው አይደሉም። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና፣ አስተማሪ ሆነው ከጎጃም ሲመደቡ ተከትለው መጥተው፣ እዚሁ ወልደው ከብደው የቀሩ ሴት ናቸው። በዕድሩ ስማቸው የሚጠራው በለቅሶ ነው። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለው ተረት ለእሳቸው የተነገረ ይመስል፣ ሟቹን አንድ ቀን በመንገድ ያዩት እንኳ ቢሆን ድንኳኑን በእንባ ያርሱታል። ሆዳቸው ቡቡ ነው፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም።

«ልጄ፣ ይህን የሚያህል ኳስ ለስንት ልጅ ነው?» አሉ።

«ለልጅ አይደለም እማማ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ትቀመጥበታለች፤ ወገቧን ያቀልላታል።»

ወይዘሮ ከበቡሽ የተቀለደባቸው መስሏቸው ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ሐኪም እንደሆነች ጠየቋት፤ አይደለሁም አለች። አዋላጅ ነሽ ሲሏትም አይደለሁም አለች። እንግዲያስ ምንድን ነሽ ሲሏት ትንሽ አመነታችና «በውጭ አገር ቋንቋ ዱላ ይሉናል» ብላ መለሰች።

ሹፌሩ ሳቀ። ወይዘሮ ከበቡሽ ግን አልሳቁም፤ ቃሉን ሰምተውት ነበርና። የመጨረሻ ልጃቸው ሰብሌ፣ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ቀኗን የምትጠብቀው፣ በዚያው ሳምንት «እማዬ፣ ለዚህኛው ምጥ ዱላ አግኝቻለሁ» ብላቸው ነበር። እሳቸውም ልጄ አዋላጆቹን ልትመታ ነው ብለው ተሳቀው፣ ለሰው እንኳ ሳይናገሩ ስለት ተስለዋል። አሁን ዱላዋ በሰው አምሳል አጠገባቸው ተቀምጣለች።

ስሟ ዘይነባ ነው። ሆመቾ ተወልዳ ሆሳዕና የተማረች፣ ሀዲይኛውንም አማርኛውንም እንደ ልቧ የምትናገር፣ ምጥ የያዛትን ሴት አጠገቧ ሆኖ መደገፍን አዲስ አበባ ሄዳ የሠለጠነች ናት። ወሬ በወሬ ሲያያዝ ሁለቱም ወደ ሰብሌ ቤት እንደሚሄዱ ታወቀ። ከአንድ በር ላይም አብረው ወረዱ።

ሰብሌ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ስታይ ደነገጠች። የፈራችው ነገር ነበራት። የበኩር ልጇን እንድርያስን በወለደች ጊዜ ሆስፒታል ብቻዋን ተኝታ ረጅም ሰዓት አምጣ ስለነበር፣ ከእንግዲህ ሰው አጠገቤ ካልሆነ ከቤቴ አልወጣም፣ እዚሁ በሬን ዘግቼ እወልዳለሁ ብላ ለባሏ ለፍሬው ቁርጡን ነግራዋለች። ይህ ለወይዘሮ ከበቡሽ መርዶ ነበር። እህታቸው አስካለች ቤቷ ወልዳ፣ ደም አልቆም ብሏት ነው የሞተችው። ያኔ ማንንም የማያስገባው ሆስፒታል በበኩሉ አሁን ማዋለጃ ክፍል የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው እሳቸው እንደሚሆኑ ደግሞ ወይዘሮ ከበቡሽ ተጠራጥረው አያውቁም። ሰብሌ ግን ያሰበችው ዘይነባን ነበር።

ዝናብ ጣለ። ሦስቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ሰብሌ ኳሱ ላይ ሆና ቀስ እያለች ወዲያና ወዲህ ትላለች። ወይዘሮ ከበቡሽ ክርክሩን ጀመሩ።

«እኔ አምስት ወልጃለሁ። አምስቱንም ጎረቤት ተሰብስቦ ማርያም ማርያም እያለ፣ ወገቤን እያሸኝ ነው የወለድኩት። ዛሬ ደግሞ ለእናቷ ምጥ የምታስተምር መጣችልኝ።»

«እማማ፣ እርስዎን ምጥ አላስተምርም። እኔ ገና አልወለድኩም፤ ምጥን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለች ዘይነባ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ሁሉ ጎረቤት አሁን የት አለ?»

«የት ይሄዳል? በየቤቱ አለ።»

«በየቤቱ አለ፤ ከወላዷ ዘንድ ግን የለም። ድሮ አዋላጇም አጽናኟም አንድ ቤት ነበሩ። ሐኪም ቤት መውለድ ስንጀምር መድኃኒቱን አገኘን፣ ደም ቢፈስ የሚያቆም አገኘን፤ እሰየው ነው። ወገብ የሚያሸውን ሰው ግን በር ላይ አስቀረነው። ነርሷ ክፉ ሆና አይደለም። አንዷን ስታዋልድ ሌላዋ ትጣራለች፤ እሷ ለስንቷ ትድረስ? እኔ የምሠራው የእርስዎ ጎረቤቶች የሠሩትን ነው፤ የማይበጀውን ትቼ።»

የማይበጀው ምን እንደሆነ ተጠየቀች። ዘይነባም ሆድ መጫን፣ ያልታወቀ ሥር ማጠጣት፣ ሰዓቱ ሳይደርስ «አምጪ፣ አምጪ» ብሎ ማድከም፣ እገሊት እንዲህ ሆና ሞተች እያሉ ማውራት መሆኑን አንድ በአንድ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ አስረዳች። ወይዘሮ ከበቡሽ ከእነዚህ ውስጥ ያላደረጉት አንድም አልነበረም። ስለዚህ ወደ ሌላ ዞሩ፤ ምጥ ወሬው ከወጣ ይጠናል፣ ለባዕድ አይነገርም አሉ።

እዚህ ላይ ዘይነባ ተስማማች። እሳቸውንም ክርክር ሳያሸንፉ አሸነፉ መባላቸው ግራ አጋባቸው። ልጅቱ እንደምትለው ሰው ሲበዛና ዓይን ሲበዛ ወላድ ትጨነቃለች፤ እነሱም በሥልጠና የተማሩት ይህንኑ ነው፤ የድሮ እናቶች በወሬ መልክ ያስቀመጡት እውነት አለው። ነገር ግን ሰው አይብዛ ማለት ሰው አይኑር ማለት አይደለም።

«እንግዲህ አይዞሽ ለማለት ሰው ይቀጠራል በይኛ!»

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰውም ይጠይቀዋል። ዘይነባም መለሰች።

«አይዞሽ ማለት ለሁሉም ይቀናል እማማ። ከባዱ ከመጀመሪያው ቁርጠት እስከ መጨረሻው አለመሄድ ነው። እኔ አላዋልድም፣ መርፌ አልወጋም፣ የሐኪም ሥራ አልነካም። ምጡ ሲመጣ አብሬያት እተነፍሳለሁ። ሲሄድ ውኃ አጎነጫታለሁ፣ አንድ ጎን ተኝታ ከደከማት አንስቼ አንሸራሽራታለሁ። ነርሷ የተናገረችው ካልገባት በሚገባት ቋንቋ እነግራታለሁ፤ እሷ አፍራ ያልጠየቀችውን እጠይቅላታለሁ። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ይጨበጣል። ልጅ የሚወጣው ደግሞ ሰውነት ሲላላ ነው። የእኔ ሥራ ፍርሃቱን ከክፍሉ ማስወጣት ነው፤ ሌላው የአዋላጇና የፈጣሪ ነው።»

ነገሩ በወይዘሮ ከበቡሽ ጆሮ ገብቷል፤ ሆዳቸው ግን አልተቀበለውም። ቀድሞም ቢሆን ያንገበገባቸው ኳሱም ሥልጠናውም አልነበረም። በመጨረሻ ያው እውነተኛው ነገር ወጣ።

«እኔ እናቷ እያለሁ?»

መልሱ የዘይነባ አልነበረም። ኳሱን አቁማ ሰብሌ ተናገረች።

«እማዬ፣ እንድርያስን ስወልድ ድምፅሽ በበሩ ይሰማኝ ነበር። ልጄ አለቀች፣ ልጄን አጣኋት ስትዪ። ነርሷ ደህና ነሽ ስትለኝ አላመንኳትም፤ እናቴ ያየችው ነገር አለ፣ ልሞት ነው አልኩ። ምጡንስ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ያንቺን ለቅሶ ነው።»

ፍቅር ብቻውን መድኃኒት የሚመስለን ብዙዎች ነን። አንዲት እናት ለልጇ አንጀቷ ተላውሶ የምታነባው እንባ ልጇን ሊያስፈራ ይችላል ብሎ ማን ያስባል? ወይዘሮ ከበቡሽም አስበውት አያውቁም። ነጠላቸውን አጣፉና ዝናቡ ሳያባራ ተነሱ። ዘይነባ ጃንጥላ ይዛ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ ሲለያዩም በትሕትና፣ ምጡ እንደጀመረ ሆስፒታል እስኪኬድ ያለው ጊዜ ረጅም እንደሆነ፣ ያን ጊዜ የልጃቸው ወገብ የሚፈልገው የእሳቸውን እጅ እንደሆነ ነገረቻቸው። ጭብጧንም ከራሷ ወገብ ሥር አድርጋ የት እንደሚጫን አሳየቻቸው። ወይዘሮ ከበቡሽ አዩና ሄዱ።

በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም ክፉም ደግም ሳይናገሩ ሰነበቱ። ጎረቤቶች አሟቸው ነው አሉ። ቁስሉ ግን የልብ ነበር፤ ልጄን የጎዳሁ እኔ ነኝ የሚል።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ፍሬው መጥቶ ምጥ ጀምሯታል ብሎ በራቸውን አንኳኳ። ሰብሌ ቤት ሲደርሱ ዘይነባ ቀድማ ተገኝታለች፤ ሰብሌ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ወይዘሮ ከበቡሽ ሰላምታም ሳይሰጡ ከልጃቸው ኋላ ሄዱና ጭብጣቸውን ከወገቧ ሥር አሳርፈው ጫኑ። ልክ የታየው ቦታ ላይ ነበር። ሰብሌ «እሱ ጋ፣ እማዬ» አለች። እንዲህ እየተፈራረቁ፣ ግቢውን እየዞሩ፣ ዘይነባ የምጡን መመላለስ እያየች መሄጃው አሁን ነው እስክትል ቆዩ። ወይዘሮ ከበቡሽ እንባቸው ሲመጣ ወደ ጓዳ ገብተው፣ ፊታቸውን አብሰው ይመለሱ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው አለ። ፍሬው መሬት መሬት አየ። ሰብሌ ባንድ እጇ እናቷን፣ በሌላው ዘይነባን ይዛለች፤ ምጥ መጣና ሁለቱንም እጆች ጨበጠች። ዘይነባ እጇን ቀስ አድርጋ ማስለቀቅ ጀመረች። እናቷ ናቸውና ቅድሚያው የእሳቸው ነው ብላ ይሆናል።

ወይዘሮ ከበቡሽ ግን ቀደሟት። የልጃቸውን ጣቶች ከእጃቸው ላይ አንድ በአንድ ፈቱና የዘይነባ መዳፍ ላይ አደረጓቸው።

«አንቺ ግቢ ልጄ። እኔ ብገባ አለቅሳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ማርያም በሽልም ታውጣት።»

«አሚን እማማ» አለች ዘይነባ። በሩም ተዘጋ።

ከውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ከሙዱላ የመጡ ሃቢባ የሚባሉ እናት ተቀምጠዋል፤ የእሳቸውም ልጅ ውስጥ ናት። ሃቢባ ደረታቸውን እየመቱ «ልጄን፣ ልጄን» ይላሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ወይዘሮ ከበቡሽ አብረው በጮኹ ነበር፤ በዚህ ሙያ የሚቀድማቸው የለም። ዛሬ ግን የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ከቆዩ በኋላ፣ ጠጋ ብለው የሴትየዋን እጅ ያዙ።

«እህቴ፣ ቀስ ይበሉ። በሩ ስስ ነው፣ ልጅዎ ትሰማለች። እኛ ለሷ ያለቀስን ይመስለናል፤ እሷ ግን መርዶዋን የሰማች ይመስላታል። እኔ አንዴ ያጠፋሁትን እርስዎ አያጥፉ።»

ሃቢባም ታዲያ እናት ምን ታድርግ ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ከበቡሽ ግቢውን ሲዞሩ ከዘይነባ የሰሙትን ሁሉ እንደ ራሳቸው ዕውቀት ዘረገፉት፤ ሰው ሲማር እንዲህ ነው። ከምጥ ጀምሮ እስከ ልደት አንድ የተረጋጋ ሰው ከአጠገቧ የማይለያት ሴት ምጧ ሊያጥርላት እንደሚችል፣ ኦፕራሲዮን ላይም የመድረስ ዕድሏ እንደሚቀንስ፣ ጡት ማጥባቱ እንደሚቀናት፣ ከሁሉ በላይ ለሚቀጥለው ሐኪም ቤት መሄድን እንደማትፈራ አስረዱ። ይህ ሰው ሐኪምን አይተካም አሉ፤ ሐኪምም እሱን አይተካም። የሠለጠነ ከተገኘ እሰየው ነው፤ ካልተገኘም ከቤተ ዘመዱ ልቡ የማይርደው ይመረጥ እንጂ የበለጠ የሚወድ ብቻ አይግባ አሉ። የመጨረሻውን ዘይነባ አላስተማረቻቸውም፤ ከራሳቸው የመጣ ነበር። ሃቢባ በቀስታ ዱአ ያዙ። ወይዘሮ ከበቡሽም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ማርያም ማርያም አሉ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ሰሙት። ሰብሌ አንድ ጊዜ «በቃኝ፣ አልችልም» ብላ ነበር። ዘይነባ ግንባሯን ከግንባሯ አድርጋ፣ ይህንን አንዱን ብቻ፣ የሚመጣውን ተዪው እያለች አሻገረቻት። አዋላጇ በጎንሽ ዙሪ ስትልም ለምን እንደሆነ ጠይቃ፣ ሕፃኑ የተሻለ አየር እንዲያገኝ ነው ብላ አስረዳቻት።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና የሰብሌ እናት ተብለው ተጠሩ። ሃቢባ እጃቸውን ይዘው አስነሷቸው። ሲገቡ ሰብሌ ትራስ ተደግፋ ሴት ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፣ ዘይነባ ውኃ ታጎነጫታለች። ወይዘሮ ከበቡሽ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው፣ እንባቸውን ለመያዝ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ።

ሰብሌ አየቻቸውና ፈገግ አለች።

«እማዬ፣ ዛሬ አልሰማሁሽም።»

ወይዘሮ ከበቡሽ በዕድሜያቸው ሙሉ እንዲህ ያለ ምስጋና ተቀብለው አያውቁም። ዘይነባን ፈራ ተባ እያሉ አዩአት፤ እሷም ከአልጋው አጠገብ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው።

«አሁን ይቀመጡ እማማ» አለች። «አሁን እንደ ልብዎ ያልቅሱ።»