የጄኔራሉ የመሰናበቻ ወረቀት

ባለማወቅ የሚቀር ነገር ብዙ ነው፤ ባለመጠየቅ የሚቀረው ግን ይብሳል። የሰፈሩ ሰው «ጄኔራሉ» እያለ የሚቀልድባቸው የጋራዥ ዘበኛ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱት በአስር አለቃነት ነው። አንድ ጠዋት የሟች ሚስታቸውን ፎቶ በትልቁ ሊያሳትሙ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲገቡ፣ ጡረታ ቢሮ የምትሠራውን የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊውን ልጅ አገኟት። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ፣ ባለ ሱቁ ፍሬሙን ሲፈታ ከፎቶው ጀርባ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ልጅቷ አንስታ አነበበችው። የስድስት ዓመት አገልግሎት የመሰናበቻ ወረቀት ነው።

ጄኔራሉ ክው አሉ። «ይህማ ተቃጥሏል። ሚስቴን በንዴት አቃጥይው ብያት፣ አቃጠልኩት ብላኛለች።»

ልጅቷ ታዲያ ጡረታ ለምን እንዳልጠየቁ ብትጠይቃቸው ደረታቸውን ነፋ አድርገው ተከራከሩ። ጡረታ ዕድሜውን በአንድ ሥራ ለፈጀ ሰው ነው አሉ። እሳቸው ስድስት ዓመት ወታደር፣ አምስት ዓመት የመንግሥት ሸክላ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ ለየብቻው ሲታይ ሁለቱም አስር አይሞላም። የጋራዡ ጥበቃ ደግሞ በቃል እንጂ መዝገብ ላይ የለም። ሚስታቸው «እስቲ ሄደህ ጠይቅ» ባለች ቁጥር፣ አገር ያገለገለ ደጅ አይጠናም ብለው ዝም ያሰኟት ነበር። እሷም የሰው ልብስ ማጠቧን ቀጠለች።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ይደመራል እኮ» አለች ልጅቷ። «አስራ አንድ ዓመት አለዎት። አስር ይበቃ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደመረው?»

ልጅቷ ልትዋሽላቸው ቃጥቷት ነበር። «ዱሮም ይደመር ነበር፤ ዕድሜዎ ከሞላበት ቀን ጀምሮ ይገባዎት ነበር።»

ዕድሜያቸው ከሞላ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ሚስታቸው የሞተችው አምና ነው። ኩራታቸው ራታቸው ሆኖ ኖረዋል፤ ራቱን የምታበስለው ግን እሷ ነበረች።

«ልመና መስሎኝ ነው ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳይነቅሉ። «እሷ ግን ደብቃ አቆየችልኝ።»

«የሰጡትን ዘመን ማስቆጠር ልመና አይደለም፣ ጋሼ።»

በዚያው ቀን አብረው ቢሮ ሄደው ማመልከቻ አስገቡ። ከእንግዲህ በሚያማቸው ጉልበት ዝናብ ላይ ቆሞ ጋራዥ መጠበቅ ይቀርላቸዋል፤ ለመድኃኒትም የልጆቻቸውን እጅ አያዩም። ያለፈውን ግን ማን ይመልሰዋል!

ከቢሮ ሲወጡ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። አብሯቸው የዘመተ፣ እንደሳቸው «ጡረታ ለእኔ አይገባም» ባይ ጓደኛ አላቸው። በሩን አንኳኩ። የከፈተችላቸው ሚስቱ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው።

«ባልሽ የመሰናበቻ ወረቀቱን የት ነው ያስቀመጠው?» አሏት።