ምስክር ያጣ ሽምግልና፤ የዶክተር አሥራት ቸርነት የሕይወት ታሪክ

አባቶች ካህናት፣ ቤተ ዘመዶች፣ ከቅርቡ ከፒከሪንግተንም ከሩቅም ለቀብር የመጣችሁ ወገኖች፣ ይህን የወንድሜን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው አንድርያስ ቸርነት ነኝ። ለስለስ አድርገህ ጻፈው ተብዬ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሆነው ጽፌዋለሁ።

ዶክተር አሥራት ከአባታቸው ከአቶ ቸርነት ወልደ ሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ በዳዳ በ1950 ዓ.ም. በፍቼ ከተማ ተወለዱ። አባታችን በአውራጃው ፍርድ ቤት ደጃፍ የባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ስለ ነበሩ፣ ወንድሜ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ከሳሽና ተከሳሽ የሚሉትን ቃላት ያውቁ ነበር። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ፍቼ አጠናቀው፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው፣ በአውራጃ ኋላም በከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኝነት አገለገሉ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካዲስ ኃይሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኤርምያስንና ማራናታን ወለዱ። ፍረድ የተባሉትን አልፈርድም በማለታቸው ከወንበራቸው ተባረው፣ የስደትን ዓመታት በናይሮቢ አሳልፈው፣ በ1994 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው አሜሪካ ኮለምበስ ከተማ ገቡ።

ኮለምበስ የዳኛውን ዲግሪ አላወቀላቸውም። ዳውንታውን ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለ የፓርኪንግ ጋራዥ ተቀጥረው የጠበቆችን መኪና ሲያስገቡና ሲያስወጡ ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ የአስተርጓሚነት ፈቃድ አውጥተው በችሎት የሌላውን ሰው ቃል ሲያቀብሉ ኖሩ። አገራቸው ሳሉ ቃላቸው ፍርድ የነበረ ሰው፣ እዚህ ከራሳቸው አንዲት ቃል ቢጨምሩ የሚቀጡ ሆኑ።

እውነተኛ ሥራቸው ግን ሽምግልና ነበር። እዚህ አገር የተጣላ ሐበሻ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ ሽማግሌ ዘንድ ሲገባ መታየት ግን አይፈልግም። ስለዚህ ወንድሜ ባልና ሚስቱን፣ ሸሪኮቹን፣ እኅትና ወንድሙን በአንድ ትልቅ መደብር ፓርኪንግ ውስጥ አሮጌ ካምሪ መኪናቸው ላይ አሳፍረው፣ አንዱን ከጎናቸው ሌላውን ከኋላ አስቀምጠው፣ ሞተሩ ጠፍቶ እስኪታረቁ ድረስ ያነጋግሯቸው ነበር። ፊት ለፊት የማይተያይ ሰው ለስድብ አይቸኩልም የሚል እምነት ነበራቸው። ከዚህ ልምዳቸውና ከቀድሞ ዳኝነታቸው በመነሣት፣ ሽምግልናና መደበኛ ሕግ የሚደጋገፉበትን መንገድ የሚያሳዩ ጽሑፎች፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ በሕግ መጽሔቶች ላይ አሳትመዋል። የሰውን ገመና ለወይዘሮ ሰርካዲስ እንኳ ተናግረው አያውቁም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ፍርድ ቤቱን ሲዘጋውና የማስተርጎሙ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ልጃቸው ማራናታ አውሮፓ ውስጥ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አገኘችላቸው። ዩኒቨርሲቲው ባለሙያን እንደ አዲስ ክፍል ሳያስገባ፣ አስቀድሞ የሠራውንና ያሳተመውን መርምሮ፣ ሥራው ለሕግ ዕውቀት ምን እንደ ጨመረ የሚያስረዳ ጥናት አስጽፎ፣ በቃልም ፈትኖ የሕግ ዶክትሬት ይሰጣል። ማራናታ፣ "ዳዲ፣ ዩ ኦልሬዲ ዲድ ዘ ወርክ፤ ጀስት አፕላይ አድርግ" አለቻቸው፤ ሥራውን ድሮ ሠርተኸዋልና አመልክት ብቻ ማለቷ ነው። በስድሳ ሁለት ዓመታቸው እንደ ተማሪ ልጅ ሲቦርቁ ያየኋቸው ያን ሰሞን ነው።

መርማሪዎቹ የዳኝነቱን ዘመን ያለ ጥያቄ ተቀበሉት። የኮለምበሱን ሽምግልና ግን፣ ስማችሁ ከእኛ አይወጣም ብለው ቃል በመግባት፣ በዚያ መንገድ የታረቁ ሰዎች ቀርበው መሠራቱን እንዲያረጋግጡ ጠየቁ። ወንድሜ ይህን ቀላል ነገር አድርገው አዩት። ማስክ አጥልቀው በየደጁ ዞሩ። አንዱ፣ "ጋሼ አሥራት፣ እኛ ደግሞ መቼ ተጣልተን እናውቃለን?" አላቸው። አንዷ፣ "ሶሪ ጋሼ፣ ነገሩ ኦንላይን ላይ ቢወጣስ? የልጆቼ ፍሬንዶች ያዩታል" አለቻቸው። ሌላው ስልካቸውን ማንሣት ተወ። እያንዳንዱን መልስ ለእኔ ሲነግሩኝ እንኳ የተናጋሪውን ስም አልጨመሩም። የጠበቁላችሁ ምስጢር እሳቸውን ውሸታም አደረጋቸው።

የመጡላቸው ፍራንክሊንተን ሰፈር ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ሀዋ ብቻ ነበሩ። "ጋሼ፣ በሱቁ ከወንድሜ ጋር መጣላታችንን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ መታረቃችንን ቢሰማ ምን ይጎዳናል? ስልኬን ይስጧቸውና ኮል ያድርጉኝ" ብለው፣ ወንድማቸውንም ይዘው መሰከሩ።

መርማሪዎቹ ያልተመሰከረለት ሁሉ ከጥናቱ እንዲወጣ ስላዘዙ፣ ወንድሜ የደከሙበትን ትልቅ ምዕራፍ በገዛ እጃቸው ቆራረጡት። በ2013 ዓ.ም. የቃል ፈተናውን ከቤታቸው ቤዝመንት በዙም ቀርበው አለፉ። ዶክትሬቱ ይገባቸው ነበር፤ አገኙትም። ነገር ግን ያን ጥናት የሚያነብ ሰው፣ የኮለምበስ ሐበሻ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተጣላ፣ ወንድሜም አንድ ጊዜ ብቻ ያስታረቁ ይመስለዋል።

በ2014 ዓ.ም. ማዕረጉ ሲሰጣቸው በዚሁ አሁን ባለንበት አዳራሽ ኬክ ተቆረሰ። መድረክ መሪው ያከበራቸው መስሎት "የክብር ዶክትሬት" ብሎ አወጀ፤ ቤቱም በጭብጨባ ተናጋ። የክብር ዶክትሬት ለተከበረ ሰው የሚበረከት ስጦታ ነው፤ የእሳቸው ተመርምሮና ተፈትኖ የተገኘ ነው። ሠርተው ማግኘታቸውን የሚያውቁ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አንድም ሰው ተነሥቶ አላረመም። ውሎ አድሮም "ክላስ ሳይገባ ዶክተር" የሚል ሐሜት መጣ። ወንድሜ አመስግነው ቤታቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ለሽምግልና ሲጠሩ አልወጡም። አዝነው ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

በዚያው ክረምት በቆሽት ካንሰር ታመው ሆስፒታል ገቡ። ብዙዎቻችሁ ምግብ አመላልሳችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመካከላችሁ ቤተሰቡ እንዲወጣ ለምነው፣ በሩን ዘግተው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ የወጡ ነበሩ። እነማን እንደ ሆኑና ምን እንዳሉ ወንድሜን ብጠይቃቸው፣ "አንድርያስ፣ የሰው ጉዳይ ነው፤ ተወው" አሉኝ። ይቅር ብለዋቸዋል ወይ ብላቸው ውኃ እንዳቀብላቸው አዘዙኝ። ስለዚህ ይቅር ብለዋል ብዬ አስከሬናቸው ፊት አልዋሽም።

ዶክተር አሥራት ጥቅምት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰርካዲስን፣ ልጆቻቸውን ኤርምያስንና ማራናታን፣ የልጅ ልጃቸውን ሮሃን፣ እኔንም ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ከእኛ ሌላ ትዳራቸው ያልፈረሰ፣ ሽርክናቸው ያልተበተነ፣ ከእኅት ወንድማቸው ጋር ዛሬም በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ ሰዎችን ትተዋል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። እነማን እንደ ሆናችሁ እኔ አላውቅም፤ ወይዘሮ ሰርካዲስም አያውቁም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

ምስክር የማያሻው ዳኛ እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ሰው በሕይወት ሳለ የሚመሰክር አፍ ይስጠን።